ከጥሎሹ ጋር የመጣው ትኩሳት

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ትኩሳት ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ወባ። ራስህን አመመህ? ወባ ነው። ወገብህን ቆረጠህ? ወባ ነው። ከሚስትህ ጋር ተኳርፈህ ፊትህን አጥቁረህ ብትመጣ እንኳ የሥራ ባልደረባህ ጠጋ ብሎ «ተመርምረሃል ወይ?» ይልሃል። አልፈርድባቸውም። እዚህ ወባ ያልጣለው ሰው የለም። እኔንም ከጎጃም ደጋ ወርጄ በመምህርነት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ክረምት ጥሎኛል። ቶሎ ይጥላል፤ ኪኒኑም ቶሎ ያነሣል፤ ሰውም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላው ነው፤ ከጣለኝ በኋላ አንሥቶ ስላልጨረሰኝ።

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ መጀመሪያ የማነጋግረው ጉልበቴን ነው። ዛሬ ትሸከመኛለህ ወይስ እንደ ትናንቱ ነህ? አንዳንድ ቀን እሺ ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ አብጦ ይጠብቀኛል። ውጭ ፀሐይዋ ገና ሳትወጣ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኗል፤ የእኔ አጥንት ግን ውስጡ ብርድ አለ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ጥቂት መስመር ስጽፍ ክንዴ ይዝልና ጠመኔውን አስቀምጬ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ አዘኑልኝ። ከዚያ ለመዱት። ከዚያ «ቲቸር ሰነፈ» ሲሉ ሰማኋቸው። ይህችን የሰማሁ ቀን ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን እያወራሁ ነው የሄድኩት።

ነገሩ የጀመረው በጋብቻዬ ነው። ባለቤቴ ኑዌር ናት። ተወልዳ ያደገችው ኢታንግ አካባቢ ባለች መንደር ሲሆን የተገናኘነው ግን እዚሁ ከተማ ነው፤ እሷ የምትሠራበት መሥሪያ ቤትና የእኛ ትምህርት ቤት አጥር ለአጥር ናቸው። ተዋደድን። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ፕሮቴስታንት መሆናችን ብዙ ያነጋግራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያነጋገረው ግን ጥሎሹ ሆነ። ከተሜ ነኝና በገንዘብ ይቀበሉኛል ብዬ አስቤ ነበር። አጎቷ ግን «ከብት በዓይናችን እናያለን» አሉ። እኔም ኮራ አልኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከብት ብርቄ አይደለም።

ከብቶቹን ገዝቼ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ሆነን ወደ መንደራቸው ነዳናቸው። መንገዱ የባሮን ወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ ሲሆን ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ከመንጋው መሀል አንዲት ቡሬ ላም ነበረች፤ ከሁሉም ታምራለች። መንደሩ ደርሰን ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ጆሮዋ ውስጥና ጡቷ ሥር መዥገር እንደ ጓያ ፍሬ ተደርድሮ አገኘሁ። ይህን ጊዜ አዋቂነቴን ላሳይ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩና አባቴ ያደርግ እንደነበረው በጣቴ እየነቀልኩ በአውራ ጣቴ ጥፍር ፍርጥ፣ ፍርጥ አደርጋቸው ጀመር። ደሙ ጣቶቼ ላይ ደረቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ሣቁ። «ይሄ ደገኛ ከብት ያውቃል» አሉ ብሎ የሚስቴ ወንድም ተረጎመልኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቡሬዋ ላም ለባለቤቴ እናት ደረሰች፤ ከጥሎሹ የእናት ድርሻ አለና። በእነሱ ወግ አማች በሚስቱ እናት ፊት እህል አይቀምስም፤ ፊታቸውን ትክ ብሎ አያይም። እሳቸውም እንዲሁ ፊታቸውን መለስ አድርገው ነው የሚያነጋግሩት። ጥላቻ አይደለም፤ ከመከባበር ሁሉ የጠነከረው መከባበር ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ የቀረበውን ወተት አልነካሁም፤ ወጋቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አማች መስዬ ተመሰገንኩ።

ሳምንት ገደማ ቆይቶ ትኩሳቱ ያዘኝ። ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ነበር። ከጉልበቴ ጀርባ ጠርዙ የቀላ፣ መሀሉ የጠቆረ ቁስል ወጥቶብኝ ነበር፤ እሾህ ወግቶኝ ይሆናል ብዬ ቁም ነገርም አልሰጠሁት። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጣቴ ተወጋ። «ወባ የለብህም፤ ግን ለማንኛውም ውሰደው» ተባልኩና የወባውን ኪኒን ዋጥኩ። ሲብስብኝ ታይፎይድ ይሆናል ተባለና መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ ትቶኝ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። በየሄድኩበት ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው «ምንም የለብህም» ይሉኛል። ሰው ስትንቀጠቀጥ እያየህ ምንም የለብህም ሲልህ እንዴት እንደሚያበሽቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጅማ ወሰደችኝ። እዚያ ያየችኝ ሐኪም የእኔን ታናሽ የምታህል ናት። ሱሪዬን አስጠቅልላ ከጉልበቴ ጀርባ ያለውን ጠባሳ አየችው።

«ከብት ነክተው ነበር?» አለችኝ።

«ሚስት አግብቼ ነበር» አልኳት።

ነገሩን እስካስረዳት ድረስ እየሣቀች ቆየች። ከዚያ ግን ሣቋን አቆመች። «ይሄ የመዥገር ንክሻ ነው» አለችኝ። «መዥገር የሚያመጣው በሽታ ብዙ ዓይነት ነው። በቀዝቃዛው አገር ‹ላይም› ብለው የሚጠሩት በሽታ አለ። በእኛም አገር የራሳችን አለን። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ መሣሪያ ግን የለኝም።» ዶክሲሳይክሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። ትኩሳቱ ይተዎታል፤ ድካሙና ሕመሙ ግን ሊቆይ ይችላል፤ ለምን እንደሚቆይ እኔም በትክክል አላውቅም አለችኝ። አላውቅም ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሐኪም ስለነበረች አመንኳት።

እንዳለችውም ትኩሳቱ ተወኝ፤ የቀረው ቀረ። እናቴ ከጎጃም ስልክ ደውላ «ድሮም ያ ቆላ አልወደደህም፤ ና ጸበል ግባ ልጄ» ትላለች። የሚስቴ ዘመዶች ደግሞ የደጋ ሰው ገላው ስስ ነው ይላሉ። አንዱ ወገን አገሩን፣ ሌላው ወገን እኔን ይወቅሳል፤ መዥገሩን የወቀሰ ግን የለም። ማታ ማታ በስልኬ ላይ በውጭ አገር ‹ላይም› ከሚባለው በሽታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የጻፉትን አነብ ጀመር። ምርመራው ምንም የለም እያለ፣ ወዳጅ ዘመድ ደኅና ትመስላለህ እያለ፣ እነሱ ግን ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸው ይጽፋሉ። በሽታችን አንድ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብስጭታችን ግን አንድ ነበር።

እነዚያ ሰዎች ዝም አላሉም፤ እኔስ ለምን ዝም እላለሁ አልኩ። በትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ ላይ ተናገርኩ። ክፍል ውስጥ ትልቅ መዥገር ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። መዥገር በባዶ እጅ አትንቀሉ፤ በጥፍራችሁ አታፍርጡ፤ ከከብት መሀል ስትወጡ ገላችሁን ፈትሹ፤ ጥቁር ቁስልና ትኩሳት ካያችሁ ለሐኪሙ ስለ ከብቱ ንገሩት። በሳምንቱ ስሜ «ቲቸር መዥገር» ሆነ። ይሁን፤ ስሙ ከተያዘ ነገሩም ይያዛል ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ባለቤቴ የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከእሑድ ፕሮግራም በኋላ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ከመንደር የመጡ ዘመዶቿም ነበሩ። ሣር ውስጥ ስትገቡ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ ስል አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። በዚህ ሙቀት ካልሲ ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ሣቅሁ። ቀጥዬ ግን «እኔን ያመመኝ ከጥሎሹ ከብቶች ላይ መዥገር ስነቅል ነው» አልኩ። ሣቁ ቆመ። የባለቤቴ አጎት ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንተ ከብት ሰጠህ» አሉኝ በአማርኛ። «እኛ ተቀበልን። ዛሬ ከብት መጥፎ ነው ትላለህ። ነገ ምን ትላለህ? ከብት መልሱ ትላለህ?»

እንደሱ አይደለም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። መዥገር በየትኛውም ከብት ላይ ሊኖር እንደሚችል ተናገርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ፤ አጎትየው አዳራሹን ጥለው ወጡ።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የጀመረችው። «ምን እንዳልክ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ጥሎሽ የሚመለሰው መቼ ነው? ሲፋቱ ነው። ባል የሰጠውን ከብት መንቀፍ ሲጀምር ሴቲቱን ሊመልስ ነው ይባላል። አንተ በቤተ ክርስቲያን መሀል ቆመህ ልፈታት ነው ያልክ ያህል ነው የሰሙህ።»

ሰው እንዳይታመም ብዬ የተናገርኩት ትዳሬን ሲያፈርስ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይባላል? ወሬው አማቴ ዘንድ ደረሰ። ከዚያች ከቡሬዋ ላም እያለቡ ከኢታንግ በሚመጣ መኪና ወተት በጀሪካን ይልኩልን ነበር። ጀሪካኑ መምጣቱን አቆመ። አማቴ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ምንም አልተናገሩም። ባለቤቴ ስትደውልላቸው ስለ ዝናቡ ብቻ አውርተው ይዘጋሉ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ቲቸር መዥገር ጡረታ ወጣ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የባለቤቴ ወንድም ደወለ። እናታቸው ታመዋል። በማግሥቱ ደግፎ ይዟቸው መጣ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነች መኝታ ቤቱን ለእሳቸው ለቀቅን፤ እኔ ሳሎን ሆንኩ። ጣታቸው ተወጋ፤ ወባ የለም። ለማንኛውም ተብሎ የወባ ኪኒን ተሰጣቸው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሄጄበታለሁ። ብቻ እኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው። ኪኒኑን ጨረሱ፤ ትኩሳቱ ግን አልወረደም። ምግብ አልቀምስ አሉ። የሞቱ ሰዎችን ስም መጥራት ጀመሩ። በግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሲያቃስቱ እየሰማሁ መግባት አልችልም። አማች ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ጠራኋት።

«ገላቸውን እያቸው» አልኳት። «ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ከጡት ሥር፣ ፀጉራቸው ውስጥ። ጥቁር ቁስል ካለ ንገሪኝ።»

«እናቴን ልብሷን ላውልቃት?» አለች። «ምን ብዬ? አማችሽ ገላሽን ፈትሺ ብሎኛል ልበላት? ከበሽታው በፊት ሐፍረቱ ይገድላታል።»

«እኔ እኮ አላይም፤ የምታዪው አንቺ ነሽ።»

«ያዘዝከው አንተ ነህ! ቢገኝስ? ላሟ ናት ልትል ነው። ያን ቀን ያልኩት እውነት ነበር ልትል ነው።»

ልናደድ አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣ ክፉ ነገር ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ስታለቅስ ከርማለች። እናቷ እየሞተችባት ነው፤ እኔም በዚያው ሰሞን የምፈታት የምመስላት ሰው ነኝ። የዚያን ቀን የፈራሁትን ያህል በራሴ ሕመም ፈርቼ አላውቅም። እኒህ ሴትዮ በእኔ ላም ምክንያት፣ እኔ እያወቅሁ፣ በአንድ መጋረጃ ርቀት ሊሞቱ ነው።

«እኔ ላናግራቸው» አልኩ።

የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ተዘርግቷል። ባለቤቴ ወደ ውስጥ ገባች። «ማሌ» ብዬ በቋንቋቸው ሰላምታ ሰጠሁ። ኑዌርኛዬ ከሰላምታ ብዙ አያልፍምና በአማርኛ ቀጠልኩ፤ ባለቤቴ እየተከተለች ትተረጉማለች።

«እማማ፣ ከብቶቹ የእርስዎና የወገንዎ ናቸው። መልሱ አላልኩም፤ አልልምም። ልጅዎን አልፈታም።»

ከዚያ አማቴ ራሳቸው፣ ኢታንግ ገበያ ላይ በለመዷት አማርኛ፣ በደከመ ድምፅ ጠየቁ።

«ላም መጥፎ?»

«ላሟ ጥሩ ናት» አልኩ። «እንደሷ ያለች ላም አላየሁም። መጥፎው መዥገሩ ነው። እኔንም ነክሶኛል፤ እኔ መጥፎ አማች ነኝ?»

ባለቤቴ ይህንንም ተረጎመችላቸው። «ጠባሳዬን ንገሪያቸው» አልኳት። «የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስል ንገሪያቸው።» የባልን ገላ ለእናት መግለጽ ነውር ነው። ግን ነገረቻቸው። ስለ ጉልበቴ ጀርባ፣ ስለ ጥቁሩ ቁስል፣ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ እንዴት እንደምቀመጥ። የምትለውን ሁሉ ባልሰማም ስለ እኔ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ፊቴ ጋለ። እኔ አማት ፊት ራቁቴን የቆምኩ ያህል ሆንኩ፤ እና ይሁን አልኩ፣ አሁን እኩል ነን።

አማቴ አንድ ነገር አሉ። በሩ ከጀርባዬ ተዘጋ። ግቢው ውስጥ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፤ እኔ የማንጎውን ቅጠል እያየሁ ጸሎት ጀምሬ መሀሉ ጠፋብኝ። በሩ ተከፈተና ባለቤቴ ወጣች።

«ከጡቷ ሥር ነው» አለችኝ። «ጥቁር ነው።»

የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ባለቤቴ ስለ ከብቱና ስለ ቁስሉ ስትነግረው ሐኪሙ አየና ያንኑ የማውቀውን ኪኒን አዘዘ። ዘግይተን ይሆናል፤ መጠበቅ ነው አለን። ጠበቅን። መጀመሪያ የሞቱትን መጥራት ተዉ። ከዚያ ውኃ ጠየቁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጃቸውን ስለ ወጥ አሠራሯ ሲቆጧት ሰማሁና ውጭ ወጥቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ሲሄዱ እንደ ወጉ ፊታቸውን መለስ አድርገው በአጠገቤ አለፉ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። አመሰግናለሁ የሚል ነገር አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅሁም። በሳምንቱ የወተቱ ጀሪካን ከኢታንግ መጣ።

አሁን በመንደሩ መዥገር የሚነቀለው በጨርቅ ተይዞ ነው ይላሉ፤ ከዚያም የኩበቱ እሳት ውስጥ ይጣላል። ሴቶቹ ካለቡ በኋላ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህን ያዘዙት አማቴ ናቸው። አጎትየውም ድሮም ሲናገሩት የነበረ ነገር እንደሆነ ያወራሉ አሉ፤ ያውሩ። ግን ራቅ ካለው መንደር አንዲት ልጅ ትኩሳት ይዟት፣ በወባ ኪኒን ብቻ ሰንብታ ማረፏን ሰማሁ። መዥገር ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም፤ ገላዋን ያየላት አልነበረም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቲቸር መዥገር ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ተቀምጦ ነው የሚያስተምረው፣ የሚሥቅም ይሣቅ።

እኔ ራሴ አልዳንኩም። የዘንድሮው ክረምት ከአምናው ከብዶኛል፤ አንዳንድ ቀን ልጅ ወልደን ላዝለው እችል ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። አማቴ ይህን አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት ቁስሉ ከተገኘ መድኃኒቱ እንዳለ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ይደውላሉ። ከልጃቸው ጋር ሰላምታቸውን ከጨረሱ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ያችን ጥያቄ ለመረዳት የሚበቃ ኑዌርኛ አሁን አለኝ።

«አየሽው?»

እሳቸው ሊያዩኝ አይችሉም፤ ወጉ አይፈቅድም። ስለዚህ በልጃቸው ዓይን ያዩኛል። ባለቤቴ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ሱሪዬን ትጠቀልላለች፤ ከጉልበቴ ጀርባ፣ ወገቤን፣ አንገቴን፣ ከጆሮዬ ኋላ ታያለች።

«አየሁት» ትላቸዋለች። «ምንም የለበትም።»

ይህችን ቃል ከስንት ሐኪም ሰምቼ ስንቴ ደሜ ፈልቷል። አሁን ግን በስልኩ ወዲያ ማዶ አማቴ እፎይ ሲሉ ይሰማኛል፤ እኔም ጉልበቴ እየነደደ ዝም እላለሁ።